ኮቱ ቢሮ፣ ባለኮቱ ፊልድ

ቦንጋ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጎረምሳ ሁሉ ስሜን ሳይጠይቅ ፊልዴን ይጠይቀኛል። ጉልበቱን ከጉልበቴ በማራቅ ፈንታ «ፊልድሽ ምንድን ነው?» ይላል። ፊልድ የለኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ ፈተናውንም ተፈትኛለሁ፤ እኔ ወደድኩት እንጂ እሱ አልወደደኝም። ይህን ሁሉ ለባጃጅ ሰው ማስረዳት ስለሚሰለቸኝ «ገና እየመረጥኩ ነው» እላለሁ፤ ጫማ ቤት የገባሁ ይመስል።

ሲጠይቁኝ ስለኖሩ ይሁን ሥራ ስለፈታሁ አላውቅም፣ ይህች ቃል ታሳክከኛለች። ቃል ሲያሳክከኝ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። እናቴ «አንቺ ስትወለጂ ቤታችን ወንበር አልነበረም መሰለኝ» የምትለኝ ለዚህ ነው። ሽፋኑ የወለቀ፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይጥ የበላችው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለኝ፤ እሱን አውጥቼ ፊልድን ፈለግኩ። እናንተዬ! ገጹን ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። የእርሻ ማሳ ነው ይላል። ወረድ ብሎ ኳስ ሜዳ ነው ይላል። ከዚያ ጦር ሜዳ። ከዚያ ነዳጅ የሚቆፈርበት ቦታ። ከዚያ ያ የሚያናድደኝ፣ ሰው የተማረበት ዘርፍ። ኮምፒውተር ላይ የሚሞላው ባዶ ሳጥንም ፊልድ ነው አሉ። ውድድር የገቡ ፈረሶች በሙሉ ባንድ ላይ ሲጠሩም ፊልድ ናቸው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ቦታ ይዞ ሲቀመጥ መሬት አስተዳደር እንዴት ዝም አለው ብዬ ገረመኝ።

ፊዚክስም ውስጥ ነበረ። አሥረኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን ማግኔት ከወረቀት ሥር ያደርጉና ከላይ የብረት ብናኝ ይነሰንሳሉ። ብናኙ እየተንቀጠቀጠ ሲሰለፍ፣ «ያውላችሁ፣ ፊልድ ማለት ይሄ ነው፤ አይታይም፣ አይጨበጥም፣ ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ ይታዘዝለታል» ይሉናል። እኔ ያን ቀን ብናኙን አፍንጫዬ ውስጥ አስገብቼ ሳስነጥስ ስለዋልኩ አልገባኝም። የገባኝ በእህቴ ሠርግ ሰሞን ነው።

መዝገበ ቃላቱ ያን ያህል ወፍሮ አንድ ፍቺ ጎድሎታል፤ የእኛን ቢሮዎች ፍቺ። ቢሮ ሄዳችሁ ኃላፊውን ስትጠይቁ «የሉም» ማለት ነውር ነው። «አልገቡም» ማለት ደግሞ መክሰስ ነው። «ፊልድ ናቸው» ከተባለ ግን ሰውዬው በመጥፋታቸው ጭራሽ ክብር ይጨምራሉ። ጠያቂው ራሱ እንደ አጥፊ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ይወጣል። የት ፊልድ? ለምን ፊልድ? እስከ መቼ ፊልድ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቦንጋ ላይ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ እኔ ቁልፍ ፍለጋ እስክላክ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ታላቅ እህቴ አስቴር ልትዳር ሆነ። ሙሽራው ታደሰ ይባላል፤ በሚዛን መንገድ ላይ ያለችው የዋጫ ከተማ ልጅ ነው፣ ጸባዩ ጥሩ፣ ጆሮው ትልቅ። የእኛ ግቢ ዳገት ላይ ስለሆነ ዳስ ቢጣልበት እንግዳው እየበላ እየተንሸራተተ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ዝናቡም አለ፤ የቦንጋ ሰማይ ሠርግ ነው ብሎ አይራራም። ስለዚህ የቀበሌውን አዳራሽ ለመንን፤ ተፈቀደልን። ወንበሩም አግዳሚውም ትልልቁም ድስት አዳራሹ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚኖረው። የአዳራሹ ቁልፍ ደግሞ ከንብረት ኃላፊው ከጋሽ አድማሱ እጅ አይወጣም።

ሠርጉ እሁድ ነው። ዓርብ ጠዋት እናቴ ጠራችኝ።

«ሁሉም ሰው ሥራ አለው» አለች። «አንቺ የለሽም። አንድ ነገር ነው የማዝሽ። አንድ! ቁልፍ። ዛሬ ቁልፉ ካልመጣ ነገ ድስት አይጣድም። ድስት ካልተጣደ እህትሽ ዝናብ ላይ፣ በባዶ ሆድ ነው የምትዳረው። የዋጫ ሰው ደግሞ ይህን ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል።»

«እማዬ፣ ቁልፍ እኮ ነው። ቢሮው እዚሁ ነው» አልኳት።

እዚሁ! ይህን አፌን አንድ ቀን አሰፋዋለሁ።

ቢሮው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው። ጸሐፊዋ ሰብለ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረች፣ ያን ጊዜም የእኔን መልስ ሰርቃ ከእኔ የበለጠ ውጤት የምታመጣ ልጅ ናት። ስገባ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

«ጋሽ አድማሱ አሉ?»

«አሉ» አለችኝ፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል በአገጯ እየጠቆመች።

አየሁ። ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ቡናማ ኮት አለ። ኮቱ ውስጥ ሰው የለም።

«ሰብልዬ፣ ይሄ ኮት ነው።»

«ኮታቸው ካለ አሉ ማለት ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ባለጉዳይ እየመጣ በበሩ አጮልቆ ኮቱን ያያል፣ ይረጋጋል፣ ከአጠገቤ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌማ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱት፤ ኮቱን። እኔም ቀስ በቀስ ማክበር ጀመርኩ። ክርኑ አካባቢ ያብለጨልጫል፤ ብዙ ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ የተደገፈ ኮት ነው። በአንዱ ግምገማ ላይ ተነስቶ ሐሳብ ቢሰጥ የሚገርመኝ አይመስለኝም። በዚህ መሀል ነፋስ መስኮቱን በረገደውና ኮቱ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። ዘልዬ ገብቼ አነሳሁት። ከበደኝ፤ ጎኔንም በሆነ ነገር ጎሸመኝ። የኃላፊ ኮት ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰብለ ሞረዷን ጥላ መጣች። «ምን ሆነሻል! አትንኪው! በግራ ትከሻው ነበር ወጣ ያለው፤ አሁን ሲመጡ ሰው ነካው ይላሉ!»

ኮቱን ከእጄ ነጥቃ፣ ራቅ ብላ እያየች እንደገና ቀርባ እያስተካከለች አንጠለጠለችው። ሙሽራ ስታለብስም እንዲህ አትጠነቀቅም።

«እና መቼ ነው የሚመጡት?»

«ፊልድ ናቸው።»

«አሁን አሉ አላልሽኝም?»

«አሉ። ፊልድ ናቸው።»

ባለጉዳዩ ሁሉ «እህ» አለና ተራ በተራ ተነስቶ ወጣ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አደረጉ። እኔ ግን የታዘዝኩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ።

«የት ፊልድ?» አልኩ።

ሰብለ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። የጋሽ አድማሱን የውስጥ ልብስ ቀለም የጠየቅኳት ይመስል ደነገጠች።

«የት ፊልድ ማለት?»

«የት ነዋ! ፊልድ ቦታ አይደል? ስም የለውም?»

«ወይ ሺሺንዳ፣ ወይ ዋጫ» አለች በመጨረሻ። «የልምድ ልውውጥ ነው።»

«ምን ልምድ ነው የሚለዋወጡት?»

«እኔ በምን አውቃለሁ! ሲመለሱ ሪፖርት ያቀርባሉ። አሁን ተነሽልኝ፤ ሥራ አለብኝ።» ሞረዷን አነሳች።

ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ያቺ በሦስት ቋንቋ የማትደክመዋ ሴትዮ ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። ሌላ ቁልፍ ጠየቅኩ፤ የለም። የአዳራሹን ጓጉንቸር ብንሰብረውስ አልኩ፤ የቀበሌው ዘበኛ «የመንግሥት ንብረት» የምትለዋን ሐረግ በዝግታ፣ እያንዳንዷን ፊደል እያላመጠ ነገረኝ።

ከቢሮው ትይዩ የጋሽ ከማል ሱቅ አለ። አባታቸው ከስልጤ ናቸው የመጡት፤ እሳቸው ግን እዚሁ ቦንጋ ተወልደው የከፋን ቋንቋ ካፊኖኖን ከእኔ አስበልጠው ይናገራሉ። ባንኮኒያቸው ላይ ተደግፌ ብሶቴን ዘረገፍኩት።

«ፊልድ ናቸው?» አሉ ስኳር እየመዘኑ። «ይገርማል እኮ። እኔ ይህን ሱቅ ከያዝኩ አንድ ቀን ፊልድ ወጥቼ አላውቅም። ኮቴን ባንኮኒው ላይ ትቼ ብሄድ ኮቱንም ጨምረው ይወስዱታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሽ ከማል?»

«ልጅቷ ወይ ሺሺንዳ ወይ ዋጫ ካለችሽ ምን ችግር አለ? ሁለቱም ባንድ መንገድ ላይ ናቸው። ሺሺንዳ ካጣሻቸው ዋጫ አሉ፤ ዋጫ ካጣሻቸው ሚዛን ድረስ መንገዱ ጥሩ ነው።»

እየቀለዱ ነበር፤ በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ቀልድ የሚባል ነገር ሲነግሩኝ እግሬ ነው ቀድሞ የሚሰማው። እናቴን ሳልነግር መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱ ላይ የማስታውሰው ጭቃውን ነው። አንዲት ደብል ጋቢና ፒካፕ ከፊታችን እየበረረች መጥታ አለፈችን፤ ኋላዋ ላይ በሸራ የተሸፈኑ ሰዎች ተደርድረዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። በተከፈተው መስኮት ግማሹን ኩሬ አጎናጸፉኝ። «እነዚህ ደግሞ ወዴት ነው?» ብል ሾፌራችን «ፊልድ ነዋ» አለ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ «እህ» አለ። ጭቃ የለበስኩት እኔ ሳልቀር «እህ» ማለቴ ነው የሚያናድደኝ።

ሺሺንዳ ስደርስ ቢሮው ክፍት ነው፤ ዘበኛው ብቻ በረንዳ ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«አባባ፣ ኃላፊዎቹ አሉ?»

«ፊልድ ወጥተዋል።»

«የት ፊልድ?» አሁን ለምጄዋለሁ።

«ቦንጋ። የልምድ ልውውጥ። አሁን እኮ ነው የሄዱት፤ መንገድ ላይ አላገኘሻቸውም?»

ቀሚሴን አየሁት። አግኝቻቸዋለሁ።

«ከቦንጋስ ወደዚህ የመጣ ሰው የለም? ጋሽ አድማሱ የሚባሉ?»

«ከቦንጋ የሚመጣ ሰው እዚህ አይወርድም። ዋጫ ነው የሚሄደው። የዋጫው ደግሞ እዚህ ይመጣል።» በቆሏቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «አንቺ ግን ምን ቸግሮሽ ነው የምትፈልጊያቸው? ሲመለሱ ይመለሳሉ።»

እስቲ አስቡት። የቦንጋ ልምድ ዋጫ ይሄዳል፣ የዋጫ ልምድ ሺሺንዳ፣ የሺሺንዳ ልምድ ቦንጋ። መንገድ ላይ ይተላለፋል፣ እጅ ይወዛወዛል፣ ጭቃ ይረጫል። ቦታውን የማይለቀው ኮት ብቻ ነው። መዝገበ ቃላቴን ይዤ ቢሆን ኖሮ እዚያው ዳር ላይ እጽፍለት ነበር።

ዋጫ ስደርስ ቀትር አልፏል፣ ዝናቡ ጀምሯል። ቢሮው ገብቼ በየወንበሩ ላይ ኮቶቹ በሥራ ገበታቸው ላይ ሲገኙ አገኘኋቸው። አንዱ ኮት ከረባት ሳይቀር አድርጓል። ደጅ ላይ ያለ ዘበኛ ጠየቅኩ።

«ከቦንጋ የመጡት ጋሽ አድማሱ? ትናንት ነው የመጡት። ታች ሠርግ ቤት ናቸው።»

«የማን ሠርግ ቤት?»

«የታደሰ ነዋ! የቦንጋ ልጅ ሊያገባ አይደል?»

የእኛው ታደሰ! የእኛን አገር ልማድ ለማያውቅ ልንገረው፤ ሠርግ በቀረበ ሰዓት የሙሽሪት ወገን ሳይጠራ ሙሽራው ቤት ብቅ አይልም። ብቅ ካለ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሙሽሪት እምቢ ብላለች። ሌላ ምክንያት የለም። የእኔ ምክንያት ደግሞ ከሁለቱም ይብስ ነበር፤ አዳራሹ ተቆልፎብናል ብዬ ለዋጫ ሰው መንገር! እናቴ ስለ ልጅ ልጅ ያለችው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ግን ምን ላድርግ፣ ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። ወይም እዚያ መስሎኛል።

ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጋሽ አድማሱን በዓይኔ ፈልጌ፣ ጠቅሼ፣ ቁልፌን ተቀብዬ ልጠፋ ነበር ሐሳቤ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ወንዶች ዳስ ይጥላሉ፣ ውሻ ይጮሃል። ውሻው ወደኔ ነበር የሚጮኸው። የታደሰ እናት እትዬ አልማዝ ቀና ብለው አዩኝ። የሙሽሪት እህት ነኝ። ብቻዬን ነኝ። ከአንገቴ እስከ እግሬ ጭቃ ነኝ። ፀጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፏል።

ቢላዋቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!»

እንዲህ ማለቴ ነው ያጠፋኝ። ከሁለቱ ምክንያት አንዱን ሰረዝኩት፤ አንዱ ቀረ።

«ቀረ!» አሉ እትዬ አልማዝ ደረታቸውን ይዘው። «ቀረ ማለት ነው! ልጄን አዋረዱት!»

ሴቶቹ ቀድሞም በሽንኩርቱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ አንዷ ማልቀስ ስትጀምር የትኛው የሽንኩርት፣ የትኛው የሐዘን እንደሆነ መለየት አቃተ። ታደሰ ከጓዳ ወጣ። ትላልቅ ጆሮዎቹ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥለው አመድ መሰሉ። የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ዝፍ ብሎ ተቀመጠ።

«አስቴር... ሐሳቧን ቀየረች?» አለ። እናንተ፣ ድምፁ! እስከዛሬ ይህን ልጅ ከጆሮው በቀር አስተውዬው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ አንጀቴን በላው።

«ኧረ በፍጹም! ቀሚሷን ለብሳ አላወልቅም እያለች ነው!»

«ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አሉ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፤ የታደሰ አጎት መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት።

ቁልፍ ብል ውርደት ነው። ልጠይቃችሁ ብል ውሸት መሆኑ ያስታውቃል። ሁሉም አፌን ያያል። አፌ ደግሞ እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«ፊልድ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ከሽማግሌው ጀምሮ ግቢው በሙሉ «እህ!» አለ።

«ፊልድ ነው እንዴ!» አሉ እትዬ አልማዝ፤ እንባቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ። «ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም? በሉ ወንበር ስጧት! ውሃ አምጡላት፣ እግሯን ትታጠብ! የፊልድ ሰው ነች፣ ርቧታል!»

«ሥራ መያዟን አልሰማንም ነበር» አለች ሽንኩርት የምትልጥ ሴት፤ በአክብሮት።

የት ሥራ? የምን ፊልድ? አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ቦታ ተለቀቀልኝ፣ ሥጋና ቆጮ ቀረበልኝ፣ ታደሰ ራሱ እጄን አስታጠበኝ። ሰው ሁሉ ወደኔ ፊቱን አዙሮ ተሰልፎ ቆሟል። ያኔ ነው የፊዚክስ አስተማሪዬ፣ ወረቀቱ፣ ያ የብረት ብናኝ ትዝ ያለኝ። አይታይም፣ አይጨበጥም፣ ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ ይታዘዝለታል። ማግኔቱ እኔ ነበርኩ። ጭቃ የለበሰ ማግኔት።

እየጎረስኩ ሳለሁ ከላይ ሲመታ የነበረው መዶሻ ዝም ማለቱን አስተዋልኩ። ቀና አልኩ። ዳሱ አናት ላይ፣ ማገሩን እንደ በቅሎ ተፈናጥጠው፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ምስማር በከንፈራቸው ነክሰው ጋሽ አድማሱ ቁልቁል ያዩኛል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«ደህና ዋሉ ጋሼ» አልኩ። «እርስዎም ፊልድ ነዎት?»

ምስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «አ... አዎን ልጄ። የልምድ ልውውጥ።»

«የምን ልምድ?»

ዙሪያቸውን አዩ። «የዳስ አጣጣል» አሉ።

ወርደው ከእንሰቱ ጀርባ ወሰዱኝ። የታደሰ አባት አበልጃቸው ኖረዋል፤ ዳስ የሚጥል ዘመድ ሲጠራ ሥራ አለብኝ ማለት አይቻልም።

«አደራ ልጄ፣ ቦንጋ እንዳትናገሪብኝ» አሉኝ።

«እርስዎም ፊልድ አለመሆኔን እዚህ እንዳይናገሩብኝ። አሁን ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የአዳራሹ ነዋ!»

«እሱማ የእሁድ አይደለም እንዴ? እሁድ ከሙሽራው ጋር ስመጣ ራሴ እከፍተዋለሁ ብዬ!»

«ጋሼ፣ ሙሽራው ሲገባ ወንበሩ በራሱ ተነስቶ ተሰልፎ ይጠብቀዋል? ድስቱ ራሱን ጥዶ ይፈላል?»

ቆም ብለው አሰቡ። ይህን ሁሉ ዓመት አዳራሹን ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው፣ በሁለቱ መካከል ሥራ እንዳለ አስበውት አያውቁም። ከልባቸው ደነገጡ። «ውይ! አስቴርን ጉድ ሠራኋት!» ብለው የሸሚዛቸውን ኪስ ዳበሱ። የሱሪያቸውን ዳበሱ። ከዚያ እጃቸው ወደ ጎናቸው ሄደ፤ ኮት ቢኖር ኖሮ የኮት ኪስ የሚኖርበት ቦታ ላይ፣ አየር ላይ ቆመ።

«ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው» አሉ በቀስታ።

ጎኔ ላይ የጎሸመኝን ቦታ ዳበስኩት። አቅፌው ነበር እኮ። ጠዋት፣ ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት፣ በሁለት እጄ አቅፌው ነበር!

«ቢያንስ ኮትዎን ለብሰው አይሄዱም ነበር?»

«እንዴት አድርጌ ልጄ? ኮቴ ከሄደ ቢሮው ሰው የለውም ሊባል ነው። ግምገማ ላይ አንዱ ተነስቶ ‹ወንበሩ ባዶ ነበር› ካለ አለቀልኝ። እዚህ ብርዱ አንጀቴን ሲበላው ያደረው ለማን ብዬ ነው?»

አዘንኩላቸው። በውነት ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ለሰብለ መደወል ነበረብን። ኔትወርክ ደግሞ የሚገኘው ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታ ያለው ዳሱ ላይ ነው። ጋሽ አድማሱ ተመልሰው ማገሩ ላይ ወጡ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጉ፣ ድምፁንም ከታች እኔ እንድሰማ ለቀቁት።

«ሰብለ! የት ነሽ?»

ከሰብለ ድምፅ ጋር አውሎ ነፋስ የመሰለ ጩኸት መጣ። «ፊልድ ነኝ ጋሼ!»

ጋሽ አድማሱ አፋቸው ሊል የለመደው «እህ» ነበር፤ አየሁት፣ ከንፈራቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ወደታች እኔን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ጠይቀውት የማያውቁትን ጠየቁ።

«የት ፊልድ?»

የመጣው ጩኸቱ ብቻ ነው።

ያን ጩኸት አውቀዋለሁ። «ሰብለ!» አልኩ ከታች፣ «ካስክ ውስጥ ነሽ! ፀጉርሽን እየተሠራሽ ነው!»

«ለእህትሽ ሠርግ አይደል እንዴ!» አለች ተናዳ። «ደግሞ አንቺ ጋሽ አድማሱ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፊልድ ነኝ» አልኳት። «የቢሮውን ቁልፍ ይዘሽ ካስኩ ውስጥ ጠብቂኝ። እንዳትነቃነቂ!» የአዳራሹን ቁልፍ ከኮቱ አውጥተሽ ለእናቴ ስጫት ማለት ትዝ ሲለኝ ኔትወርኩ ጠፍቷል።

ሚኒባሱ አልቋል። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከሙዙ ጋር ተጭኜ መጣሁ። ሺሺንዳ ላይ ያቺ ደብል ጋቢና ልምዷን ይዛ ስትመለስ እንደገና አገኘችን፤ እንደገና ረጨችኝ። ቦንጋ ስገባ ቀኑ ሊጨልም ነው። ሰብለ ቢጎዲኗን እንደጠቀለለች፣ ላዩ ላይ ፌስታል አጥልቃ፣ እየተራገመች ከፊቴ እየሮጠች ቢሮውን ከፈተች። ኮቱ ሥራ ላይ ነበር። ውስጠኛው ኪስ ውስጥ፣ ከከረሜላ ልጣጭ ሥር፣ ያ ሁሉ ጉድ ያመጣ ቁልፍ ተኝቷል። ቁልፉን ስወስድ ኮቱን ደግሞ ለጋሽ አድማሱ ልያዝላቸው ብዬ ባነሳ፣ ሰብለ እጄን መታችኝ።

«ኮቱን ተዪው! ሰኞ ድረስ እኮ ፊልድ ናቸው!»

እናቴ አዳራሹ በር ላይ ቆማለች። ኋላዋ ጎረቤቱ በሙሉ ማገዶውን፣ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን ይዞ ዝናብ ላይ ተሰልፏል። አስቴር የሠርግ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በቦቲ ጫማ ቆማ ታለቅሳለች። ቁልፉን አወጣሁ። እናቴ ነጥቃ ከፈተች፣ ሰዉ እየተጋፋ ገባ፣ ወንበር ይጎተት ጀመር፣ ድስት ተንኳኳ። ያን ድምፅ ስሰማ እዚያው ደረጃው ላይ ተዘረፈጥኩ።

እናቴ ተመልሳ መጣች።

«ቀኑን ሙሉ የት ነበርሽ? ቢሮው እኮ ያውና!»

እውነቷን ነው፤ ያውና። ምን እላታለሁ? በጣም ደክሞኛል፤ ደግሞ የሚሠራ መድኃኒት አግኝቻለሁ።

«ፊልድ ነበርኩ» አልኩ።

እናቴ ወገቧን ያዘች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ጭቃውን፣ ፀጉሬ ውስጥ የገባውን የሙዝ ቅጠል።

«የት ፊልድ?» አለች።

ያኔ ነው ከማን እንደወጣሁ የገባኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እትዬ አልማዝ ቢላዋቸውን ከጣሉበት ስደርስ ሳቋ ይዟት ድስት ላይ ተቀመጠች።

እሁድ ዘነበ። ዘንቦም አያውቅ፣ እንዲያ ዘነበ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን አንድ ሰው አልረጠበም። ታደሰ ጆሮው በደስታ ቀልቶ ገባ፣ አስቴር ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ጋሽ አድማሱ በሸሚዝ ናቸው፤ ሰው «ኮትዎስ?» ሲላቸው «ቢሮ ነው፣ ሥራ በዝቶበታል» አሉ፤ የሳቀ የለም። ሰብለ ፀጉሯ አምሯል። የዋጫ ሰዎች እኔን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ «ያቺ የፊልዷ» እያሉ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ መልከ መልካም፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ሊናገር አፉን ከፈተ። አወቅኩት። የባጃጁ ጥያቄ ነው።

«ፊልድሽ ምንድን ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደድኩም። «ሺሺንዳና ዋጫ» አልኩት። «አንዳንዴ ሚዛንም እንደርሳለን።»

«እህ!» አለ።

ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሳህን ሳመላልስ እግሬ አብጧል። ሹራቤን አወለቅኩና ወንበሬ ላይ አንጠለጠልኩት፤ በግራ ትከሻው ወጣ አድርጌ። ቀስ ብዬ በጓዳው በር ወጣሁ። ከበሩ ጀርባ ሆኜ ግን መስማቴ አልቀረም፤ እትዬ አልማዝ ናቸው፣ ትሪ ይዘው የሚዞሩ።

«ያቺ ልጅሽ የት ሄደች?»

በቀዳዳው አየሁ። እናቴ ወንበሬን አየች። ሹራቡን አየች። ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

«አለች» አለች። «ፊልድ ናት።»

«እህ» አሉ እትዬ አልማዝ፤ ጎንበስ ብለውም ለሹራቤ ሥጋ ጨመሩለት።